የረግረጉ መንገድ

«ልጅሽ ተንኮለኛ ነው፤ ሌላ ስም የለውም» አለ ስልኩ፣ ከልብስ መተኮሻው አጠገብ ተቀምጦ። እናትየው ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ስልክ የምታነጋግረው ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ለቃ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ቤት የግል ወሬ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። የጎረቤት ሐሜት፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የአከራይ ንዝንዝ፣ ሁሉም ሳሎን መሃል ነው የሚነገረው። በዚህ ቅዳሜ ጠዋት የገባው የወንድሟ ድምፅ ነበር። «በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ ነው የምልሽ! ጣሳው ከመታሸጉ በፊት ከፍቶ አሳይቶኛል፣ ልክ ነበር። እኔ ዞር ስል ነው ሌላ ነገር የጨመረበት። ፈቃድ ጠይቆኝ ስለከለከልኩት ቂም ይዞ ነው። ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ፣ የሱቄን ቁልፍ ያስረክበኝ። ለሚጠይቀኝ ነጋዴ ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ፣ ምን አስደበቀኝ!» እናትየው መተኮሻውን ሸሚዝ ላይ እንዳቆመች «እሺ» አለች። ቀጥላም «እሺ፣ እሺ» አለች። የምትለው ጠፍቷት ነው እንጂ እሺ የሚያሰኝ ነገር ሰምታ አልነበረም።

ጥርስ ሠሪዋ ልጇ ኮሪደሩ ላይ ፀጉሯን እያሰረች ሁሉንም ሰማች። የተከሰሰው ታናሽ ወንድሟ ደግሞ እዚያው ሳሎን ውስጥ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ቤተሰቡ «ትንሹ» ይለዋል፤ በር ሲገባ ካላጎነበሰ ግንባሩን የሚመታ ሎጋ ሆኖ ሳለ የልጅነት ስሙ ተለጥፎበት ቀርቷል። ተንኮለኛ ሲባል ቀና አላለም። ሻዩን ፉት አለ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው። በአንድ እግሩ አረንጓዴ፣ በሌላው ቡናማ ካልሲ አድርጓል። ሌላ ቀን ቢሆን እህቱ «ዛሬስ ለሁለቱም ቡድን ነው የምትደግፈው?» ብላ ታሾፍበት ነበር፤ ዛሬ ግን የቀልድ ቀን አይደለም ብላ ተወችው። ስልኩ ሲዘጋ እናትየው የሸሚዙን እጅጌ አንስታ አየችና «ሸሚዝህ ተቃጠለ» አለችው። «ግድ የለም» አላት። እናትና ልጅ በዚያ ጉዳይ ላይ የተነጋገሩት ይኸው ብቻ ነበር።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ትንሹ የሚሠራው አጎቱ ቀለም ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ቀለም ቀቢ የሕፃናት ክሊኒክ እየቀባ ሳለ የመጨረሻው ግድግዳ ላይ ቀለም ያልቅበትና አንዲት የተቀባች ጣውላ ይዞ ወደ ሱቁ ይመጣል፣ ይህን የመሰለ አንድ ጣሳ ቀምሙልኝ ይላል። ጣውላዋ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ናት። አጎትየው በዓይን መቀመም አይወድም። ደንበኛ ሲመጣ ካታሎጉን ዘርግቶ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ነው የሚለው፤ ገበያው ሁሉ በዚህ የተነሳ «ባለቁጥሩ» ይለዋል። የዚያን ቀን ግን ቁጥር የሚባል ስላልነበረ «አንተ የወጣት ዓይን አለህ፣ አመሳስለው» ብሎ ለእህቱ ልጅ ሰጠው። ትንሹ ቀመመ፣ ከጣውላዋ ጋር አስተያየ፣ አጎቱን ጠራ። አጎትየው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ተመለከተና «ልክ ነው፣ እሸገው» አለ። በማግስቱ ቀቢው ጣሳውን በክሊኒኩ ባለቤት ፊት ሲከፍተው ውስጡ ያለው ቀለም ሮዝ ነበር። ፈዘዝ ያለ፣ የሕፃን ልጅ ተረከዝ የመሰለ ሮዝ። ቀቢው ሳቀ፤ ባለቤትየዋ ግን አልሳቀችም፣ የቀረውን ሥራ ይዛ ሌላ ሱቅ ሄደች። አጎትየው ልክ የሆነ ቀለም አይቶ አሳሽጎ፣ ሮዝ ሆኖ ሲከፈት ሌላ ምን ያስባል? በቀለም ነጋዴዎቹ ሰፈር ተንኮለኛ የተባለ ሠራተኛ ደግሞ ዳግመኛ በሰው ሱቅ ደጃፍ አይቆምም። ትንሹ ከዚህ ሥራ ሌላ የሚያውቀው የለም። «ምን ጨመርክበት?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም» ይላል፤ «ታዲያ እንዴት ሮዝ ሆነ?» ሲባል ዝም ይላል። ያ ዝምታው ነው ይበልጥ ያስጠረጠረው።

እህቱ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ትሠራለች። በመንገድ ላይ ሁለት ነገር በልቧ ይዛ ነበር፣ አንዱ የወንድሟ ነገር፣ ሁለተኛው ደግሞ ለወራት የለፋችበትና ዛሬ ማታ የሚቆረጠው የንጣፍ ምርጫ። ሁለቱ ይገናኛሉ ብሎ የነገራት ቢኖር ኖሮ ከት ብላ ትስቅ ነበር።

ንጣፉ የቤት ወለል አይደለም። ልጆች ሳሉ እሷና ትንሹ በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተፋፍገው የሚጫወቱት አንድ የጀብዱ ጨዋታ ነበር። አንድ መንደር ድልድዩ በሌሊት ይሰረቅበታል፣ አንድ አጭር ሰውዬም ሊያስመልስ ይወጣል፣ ነገር ዓለሙ ይኸው ነው። ሠሪዎቹ ሁለተኛውን ክፍል እናወጣለን እንዳሉ ድርጅታቸው ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ በየአገሩ የተበተኑ፣ በአካል ተያይተው የማያውቁ፣ ነገር ግን ያንን ድልድይ ያልረሱ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው ሁለተኛውን ክፍል እኛው እንሥራው አሉ። ደሞዝ የለው፣ አለቃ የለው፤ አንዱ ነርስ ነው፣ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ አናጢ። ጥርስ ሠሪዋ የያዘችው የካርታውን ሥራ ነው። የጨዋታው ዓለም እንደ ወለል ንጣፍ ከሚገጣጠሙ ትንንሽ ባለአራት ማዕዘን ሥዕሎች ነው የሚሠራው፤ አንዷ ሥዕል ሣር ናት፣ አንዷ ጭቃ፣ አንዷ የግድግዳ ጥግ፣ አንዷ የበር ግማሽ። ማን የሣላት ንጣፍ ትግባ የሚለው ነው እንግዲህ ቡድኑን ሲያነታርክ የከረመው። የአናጢው አለ፤ መስመሩ ወፍራም፣ ሣሩ ጭረት ጭረት፣ ጭቃው ሞገድ ሞገድ፣ ድንጋዩ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሲያዩት ልጅ በእርሳስ የሞነጨረው የሚመስል። የእሷም አለ፤ አንድም መስመር የሌለበት፣ በቀለም ብቻ የተሠራ፣ በጨዋታው ረግረግ ላይ የሻገተ አረንጓዴ ከዛገ ብረት ቀለም ጋር እኩል ደብዝዞ የሚተኛበት። ያየው ሁሉ «ይሄማ ሥዕል ነው» ብሏል። አናጢውም ራሱ ብሏል። ቡድኑም ካርታ የምትሠራው እሷ ስለሆነች የመጨረሻውን ቃል ለእሷ ሰጥቶ እስከ ዛሬ ማታ ቀጥሯታል። እሷ ግን መልሱን ካወቀችው ቆይታለች፤ ወግ ነውና ጊዜው ይድረስ ብላ ነው የቆየችው።

በዓይኗ ትኮራለች፤ ብትኮራም አይፈረድባትም። የጥርስ ላቦራቶሪው የሕንፃው የላይኛው ወለል ላይ ነው፣ ለጥርስ ቅርጽ ጂፕሰም የሚፈስበት የኋላ ክፍልና መስኮት ዳር ያለው የእሷ ጠረጴዛ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሐኪሙ የጻፈላቸውን የቀለም ደረጃ አይተው ይሠራሉ፤ እሷ ግን ጥርሱ የሚገባለትን ሰው መስኮት ዳር አቁማ ካላየች እጇ አይነሳም። የዛሬው ባለጉዳይ ደረጃ ላይ ወድቆ የፊት ጥርሱን የሰበረ መምህር ነው። ተማሪ ፊት አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲያስተምር ሰንብቷል። የናሙና ጥርሶቿን አንድ በአንድ ከድዱ አጠገብ ያዘች፣ ሐኪሙ ከጻፈው ደረጃ ግማሽ ያህል ወደ ቢጫ አወረደችው፣ ጫፉ ላይም ሲጋራ ለተወ ሰው የምትሆን ቅንጣት ግራጫ ጨመረች።

«ማጨሴን ማን ነገረሽ?» አለ መምህሩ።

«ጎረቤትዎ» አለችው፣ ከተሰበረው አጠገብ ያለውን ጥርስ በመርፌ እየነካች።

ጥርሱ ሲገባ መምህሩ መስታወቱን ይዞ ብዙ ቆየ። የትኛው የራሱ፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ ለመለየት ሞክሮ ሲያቅተው ሳቀ፤ እጁ ግን በልማድ ወደ አፉ ሄዳ ነበርና መልሶ አወረዳት። ከኋላ ክፍል ጂፕሰም የሚያፈሰው ባልደረባዋ ብቅ ብሎ «እርግጠኛ ነሽ? ሐኪሙ ሌላ ነው የጻፈው» አላት። «በዓይኔ አይቻለሁ፣ አለቀ» አለችው። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ የጠዋቱ ስልክ ትዝ አላት፤ አጎቷም ያለው ይህንኑ ነው። እሱም እንደ እሷ እርግጠኛ ነበር። ነገሩ ለቅጽበት ቆረቆራት፤ ከዚያ ጋውኗን አውልቃ ሰቀለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ትንሹን ያገኘችው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጣሪያ ሲያይ ነው። የሱቁ ቁልፍ ራስጌው ላይ ተቀምጧል፣ ተወልውሎ። እንግዲህ ሊያስረክብ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። አይዞህ ማለት በዚህ ቤት ልማድ አይደለም፤ ያዘነን ሰው ሥራ ማዘዝ ነው ልማዱ። ስለዚህ ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና «ተነሳ፣ ፈትንልኝ። ያንን ጨዋታ ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም» አለችው። ሳይወድ በግድ ተነሳ። ወንበሯን ለቀቀችለት፣ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ተቀመጠ። በአሮጌው ጨዋታ ውስጥ ረግረግ ነበረ፤ በሁለተኛውም አለ። አጭሩ ሰውዬ በሣሩ መንገድ ከሄደ ይሻገራል፣ ጭቃውን ከረገጠ ይሰምጥና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቀላል ነገር ነው። ከባዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ትንሹ ኪቦርዱ ላይ ያለውን ቀስት ተጫነ። አጭሩ ሰውዬ ቀጥ ብሎ ጭቃ ውስጥ ገባና ሰመጠ። «ገና እጅህ አልተፍታታም» አለችው። ደገመ፤ በሌላ በኩል ገብቶ ሰመጠ። ሠለሰ፤ ሰመጠ። መንገዱ እኮ እፊቱ ተዘርግቷል፣ ለምለም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅጠል በቅጠል ያቀለመችው መንገድ። እሱ ግን በማየት ፈንታ እየዳበሰ ነው የሚሄደው፤ ትንሽ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ጎን ይሞክራል፣ ይሰምጣል። ያ ሁሉ ልፋቷ በሰውዬው ጫማ ሲረገጥ ደሟ ፈላ።

«ሆን ብለህ ነው?» አለችው።

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ጠዋት ስልኩ ሲጮህ የነበረው ፊቱ መጣ፤ ያው መዘጋት፣ ያው ብርጭቆ አንስቶ የማስቀመጥ ዝምታ። እሷም ያለችውን ሰማችው፤ የአጎቷ ቃል ከራሷ አፍ ሲወጣ ሰማችው። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ቀደማትና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «መንገዱ የቱ ጋ ነው?» አላት።

ይህን ለመስማት ከጥርስ ሠሪ የተሻለ የተዘጋጀ ሰው የለም። ወደ ሙያው ስትገባ ቀለም መለየቷን፣ በባለቀለም ነጠብጣብ መሃል የተደበቀ ቁጥር እያነበበች ተፈትናለች፤ ያላነበቡት ሁለት ወንዶች ልጆች በዚያው ዕለት ወደ ሌላ ትምህርት ሲዛወሩ በዓይኗ አይታለች። ጭቃውንና ሣሩን ከካርታው አውጥታ ሁለት ትልልቅ ካሬ አድርጋ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፣ የሻገተው አረንጓዴ በግራ፣ ዝገቱ በቀኝ። «ስንት ቀለም ነው ያለው?» አለችው። አየ። ወደ እሷ ዞሮ ፊቷን አየ፣ ትክክለኛውን መልስ ከዚያ ሊያነብ። «እኔን አትየኝ፣ እሱን እይ» አለችው።

«አንድ ነው» አለ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ተግተልትሎ መጣባት። ካልሲዎቹ። ማንጎ ሲገዛ እየጨመቀ ብቻ የሚመርጠው። ልጅ ሆነው ጨዋታው ረግረጉ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ኪቦርዱን ወደ እሷ ገፍቶ «አንቺ አሻግሪኝ» የሚላት፣ እሷም «ፈሪ» እያለች የምታሻግረው። የሰው ጥርስ በግማሽ ደረጃ የምትለይ ሴት፣ እዚሁ አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ የገዛ ወንድሟ የሚያየውን ሳታውቅ ኖራለች። ተናደደች፤ ንዴቱ በራሷው ላይ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ምኑን?» አለ ትንሹ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። «ሰው ሁሉ እንደዚህ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ዜማ የማይሆንለት ሰው አለ አይደል? እኔም ቀለም የማይሆንልኝ ነኝ ብዬ ተውኩት። ሱቅ ውስጥ ጣሳው ስሙ ተጽፎበታል፣ ቁጥር አለው፣ ችግር የለውም። የዚያን ቀን ግን የማቅለሚያዎቹ ጠርሙሶች ቀለም ፈሶባቸው ጽሑፋቸው ተሸፍኖ ነበር። ከአረንጓዴውና ከቀዩ አንዱን በግምት አነሳሁ። ከጣውላው ጋር ሳስተያየው ልክ መሰለኝ። ጋሼም ልክ ነው አሉ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ቀለም ሱቅ እየሠራሁ ቀለም አልለይም ልበል?» አለ። አባባሉ እሱንም አሳቀው፤ ሁለቱም ሳቁ፣ እናትየው ከጓዳ «ምን ተገኘ?» እስክትል ድረስ።

ከዚያ ጥርስ ሠሪዋ ያደረገችውን ያደረገችው ብዙ ሳታስብ ነው። የራሷን ንጣፍ አወጣችና የአናጢውን አስገባች። ረግረጉ ያው ረግረግ፣ መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ አሁን ግን ሣሩ ጭረት ጭረት፣ ጭቃው ሞገድ ሞገድ ሆነ። ትንሹ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። አጭሩን ሰውዬ አስነሳው፣ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜም ሳይቆም አሻገረው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ረግረግ ራሱ ተሻገረ። ሰውዬውን መልሶ አምጥቶ እንደገና አሻገረው። እህቱ አጠገቡ ቆማ የምታየው ሥዕል አስቀያሚ ነበር፤ ይህን ስትል ዓይኗ አያፍርም፣ አሁንም አስቀያሚ ነው። የእሷ ሁለት ሳምንት፣ የእሷ ወራት፣ አንድ ጣት ሲነካው ከስክሪኑ ላይ ጠፍቷል። ቅር አላት፣ ከልቧ ቅር አላት። ግን መልሳ አላስገባችውም።

አጎትየው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ባለቁጥሩ ትንሽ ሲናደድ የሚጮህ፣ ብዙ ሲናደድ የሚለሰልስ ሰው ነው፤ ዛሬ ለስልሷል። ኮቱን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናትየው ውሃ አቀረበች፣ አልጠጣም። ትንሹ ቁልፉን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እናትየው የአንዱ እህት፣ የአንዱ እናት ሆና ከመሃላቸው ቆማ ፎጣዋን እያጠፈች ትዘረጋለች።

«አልፈርድብህም» አለ አጎትየው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እኔ ሳየው ልክ የነበረውን ምን ጨመርክበት? እሱን ንገረኝና በሰላም እንለያይ።»

ጥርስ ሠሪዋ ተነሳች። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይምጡ፣ የማሳይዎት ነገር አለ። ቁልፍዎን ከዚያ በኋላ ይውሰዱ።» የራሷን ንጣፍ መልሳ አስገባች። አሰባስባ የያዘችው ንግግር ነበራት። እርስዎ ይህን መንገድ አረንጓዴ፣ ጭቃውን ቀይ አድርገው ነው የሚያዩት፣ ይህ ልጅ ግን አንድ ቀለም ነው የሚያየው፣ ከተወለደ ጀምሮ ነው፣ ተንኮል አይደለም ልትለው ነበር። ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረች። «መንገዱን ይመልከቱልኝ» አለችው።

አጎትየው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ተመለከተ። አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ተጠጋ። «የምን መንገድ?» አለ። «ባዶ ሜዳ ነው እኮ። በዚህ ሰዓት በጨዋታ ነው የምትቀልጂብኝ?»

«የምን ሜዳ?» አለች እናትየው ከኋላው አሻግራ እያየች። «ያ አረንጓዴው አይደለም እንዴ መንገዱ? እስከ ዳር ይሄዳል እኮ!»

ጥርስ ሠሪዋ ንግግሯ ሁሉ ጠፋባት። ቀለም አለመለየት በእናት ወገን መጥቶ በብዛት ወንዶቹን እንደሚይዝ ተምራለች፤ ተምራው፣ ተፈትናበት፣ ረስታዋለች። ትንሹን አየችው። እሱም አጎቱን እያየ ነበር። ካታሎጉን ዘርግቶ ቁጥሩ ስንት ነው የሚል ሰው። ጣሳ ሲከፈት ሠራተኛ ጠርቶ የቀለሙን ስም አንብብልኝ የሚል ሰው። ጣውላዋን ተቀብሎ አንተ የወጣት ዓይን አለህ ብሎ ያሳለፈ፣ ቀጥሎ ሮዝ ቀለም አይቶ ልክ ነው፣ እሸገው ያለ ሰው።

እናትየው ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንደ ትልቅ እህት፣ «አንተ» አለችው ወንድሟን፣ «ትምህርት ቤት ሳለን ሣሩን ቡናማ ቀብተህ መምህሩ ጆሮህን አልጎተተህም? ሆን ብሎ ነው፣ ሊያሾፍብኝ ነው ብሎ? እያለቀስክ እኔ ክፍል አልመጣህም?»

ባለቁጥሩ ቀስ ብሎ ኮቱን አወለቀ። የቀረበለትን ውሃ አንስቶ እስከ ታች ጠጣው። ይህን ሁሉ ዘመን በቁጥር አጥሮ የጠበቀው ነገር በአንድ የልጆች ጨዋታ ላይ ሲፈርስ፣ ሊቆጣ የሚችልበት መንገድ ክፍት ነበር። ጥርስ ሠሪዋ ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወደ ትንሹ ዞረና «ላንተም እንደዚሁ ነው?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ካፍረት ይልቅ ረጅም መንገድ ብቻውን ሄዶ ሰው ያገኘ ሰው ደስታ ነበር።

«እንደዚሁ ነው፣ ጋሼ።»

«ስልክሽን አምጪ» አለ እህቱን። የራሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የእሷን የፈለገው ለቤቱ ሁሉ ስለሚጮህ እንደሆነ የገባቸው ቆይቶ ነው። የቀለም ቀቢውን ቁጥር በቃሉ ደወለ፤ ቁጥርማ ተለይቶት አያውቅም። ቀቢው አነሳ፣ ከኋላው የሮለር ፍትጊያ ይሰማል። «ስማኝ» አለ አጎትየው። «ያንን ሮዝ አይቼ ልክ ነው ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ልጁ ምንም አልጨመረበትም። ቀለም አልለይም፤ እሱም አይለይም። ለጠየቀህ ሁሉ እንዲሁ ብለህ ንገር። ለክሊኒኳ ባለቤት እኔው ራሴ እነግራታለሁ።» በስልኩ ውስጥ ሮለሩ ቆመ። «ጋሼ ይቀልዳሉ? ይሄን ሁሉ ዓመት ለእኔ ቀለም ሲሸጡ?» አለ ቀቢው። «ይሄን ሁሉ ዓመት» አለ አጎትየው፤ ዘጋው።

ጠዋት ተንኮለኛ የተባለበት ሳሎን ውስጥ፣ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ድምፅ። ትንሹ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ሲነሳና ሲወርድ እናቱ አይታ ሄዳ ጀርባው ላይ እጇን አኖረች። አጎትየው ቁልፉን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ጠረጴዛው ማዶ አሳለፈው። «ሰኞ በጊዜ ክፈት» አለ። «ጠርሙሶቹ ላይ ትልልቅ ጽሑፍ እንለጥፋለን። በዓይን የሚቀምም አንድ ሰው ደግሞ እንቀጥራለን፣ ሴት ትሁን» አለና ወደ ጥርስ ሠሪዋ ተመለከተ። «እኔ ሥራ አለኝ» አለች ቶሎ ብላ።

ትንሹ ፊቱን ጠርጎ ተመለሰ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ፤ የት እንደሚነካ አይቷት ነበርና የእህቱን ንጣፍ አውጥቶ የአናጢውን አስገባ። «ጋሼ፣ ይሄኛውን ይሞክሩት» አለ። አጎትየው «እኔ? ሂድ ወዲያ» አለ፤ እያለም ወንበሩን ሳበ። ጥርስ ሠሪዋ ስልኳን አውጥታ ለቡድኑ «የአናጢው ንጣፍ ይግባ» ብላ ጻፈች። መልሱ ወዲያው ጎረፈ። ነርሱ «ኧረ ያንቺው ነው የሚያምረው» አለ፤ ሹፌሩ «ያን ሁሉ ለፍተሽ?» አለ፤ አናጢው ራሱ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቃት። ምን እንደምትላቸው እያሰበች፣ ጣቷ ፊደሎቹ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ከጠረጴዛው በኩል ኮቱን ያወለቀ አንድ ሽማግሌ የክፍሉን መስኮት የሚያርገበግብ ጩኸት ጮኸ።

«ተሻገርኩ!»